አያትህ የገቡበት በር

መስከት፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1986

ለተከበሩት አክስቴ ለሲቲ ኦማሪ፣ ኪሳንጋ፣ ከወንዙ አፍ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ የቤታችንን ጣሪያ ከዝናብ፣ ደጃፉን ከክፉ ሰው ይጠብቅልን። እኔ የወንድምዎ የአቱማኒ ልጅ ሙሂዲን፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆቼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ከኪሳንጋ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ያልጻፍኩልዎ ረስቼዎት እንዳልሆነ አላህ ያውቃል። የሰው አገር ሥራ አያስተነፍስም። ጠዋት ወደብ፣ ማታ ቤት፣ እንዲህ እንዳልኩ ዓመቱ በምን እንዳለፈ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የጻፍኩት ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው፤ አልደብቅዎትም። ከእኛ ባሕር ዳር መጥተን እዚህ የምንኖር ሰዎች የዘር ማስረጃ አምጡ ተብለናል። እኔ የሸኽ ነሶር ወገን ነኝ ብዬ ነው ሥራም የመኖሪያ ፈቃድም ያገኘሁት። ሚስቴንም ያገባሁት በዚሁ ስም ነው። የጎሳው ሽማግሌ መዝገባቸውን ገልጠው፣ «ሸኽ ነሶርን እናውቃቸዋለን። ያንተ አያት ኦማሪ ግን ማያሳ ከምትባል ባሪያ ተወለደ ይባላል። ለመሆኑ አባቱ ተቀብሎታል?» አሉኝ። አባቴ የነገረኝን ነገርኳቸው። ሸኽ ነሶር በሰባተኛው ቀን ሕፃኑን በገዛ እጃቸው ታቅፈው በዋናው፣ እንጨቱ በተቀረጸው፣ በቅርጹ በር አስገቡት፣ መለከቱም ተነፋለት አልኩ። ሽማግሌው የእኛን ልማድ ያውቃሉ። «እንዲያ ከሆነ ጨዋ ነው፤ በወንዙ በር ከገባ ግን ባሪያ ነው። በዕድሜ የቤቱ ታላቅ ቃሉን ይስጥ፣ ሁለት ሰው ይመስክር፣ ቃዲው ማኅተም ያድርግበትና አምጣልኝ» አሉ። ቀነ ገደቡ የመጪው ዓመት ማርች መጨረሻ ነው።

ከቤቱ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አንዲት ወረቀት ናት፣ አክስቴ። እሷ ከቀረች ሥራዬም መኖሪያዬም ይቀራል። የሚስቴ ወንድሞች ከሰሙ ደግሞ ሚስቴንም ልጆቼንም ይወስዱብኛል።

ሰላምታዬን ለሁሉም ያድርሱልኝ፦ ለጎረቤታችን ለሽሪፋ፣ ለጀልባ አሻጋሪው ለምባራካ፣ ለመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ ከማንጎው ሥር ለሚቀመጡት ገበጣ ተጫዋቾች፣ ያቺ አንድ ዓይና ድመት ካለችም ለእሷ።

እጅዎን የሚስም ልጅዎ፣
ሙሂዲን አቱማኒ


ኪሳንጋ፣ ሜይ 20 ቀን 1986

ለሙሂዲን

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ እንደ ልብህ ይስጥህ፤ ልብህን እሱ ያውቀዋል።

ደብዳቤህ ከደረሰች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያስጠበቀ ሰው ሦስት ወር ቢጠብቅ አይሞትም ብዬ አስቀመጥኳት። ዓይኔ ደክሟልና ያነበበችልኝ ሽሪፋ ናት። ጨርሳ «ውይ፣ ሲያውቅበት! አንደበቱ እንዴት ይጣፍጣል!» አለችኝ። አንደበቱስ ድሮም ነበረው አልኳት።

ሰላምታህን ለማድረስ ሞክሬ ነበር። ምባራካ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰክሮ ከጀልባዋ ወደቀ። ማንጎው ተቆርጦ ምሰሶ ሆነ፤ ገበጣ ተጫዋቾቹም ጥላ ፍለጋ ወደ አሳ ገበያው ሄዱ። ድመቷ የሞተችው አንተ ሳትሄድ ነው፤ የቀበርካት አንተ ራስህ ነህ፣ አንተ ውሸታም።

የወንዙን አፍ አሸዋ ዘግቶታል። ትልልቆቹ የሸራ ጀልባዎች ውጭ ቆመው ያዩናል እንጂ አይገቡም። ጉምሩኩ ቤት ውስጥ ፍየል ይታሰራል። እንዲህ ሞተን ሳለ ታሪካችሁን ልጻፍ የሚል ሰው መጣልን፤ መምህር ኪዮንዶ ይባላል፣ ከዋናው ከተማ ነው። ለሙዚየም ነው አለ። መቃብር ይለካል፣ በር ፎቶ ያነሳል። የዝሆን ጥርሷን መለከት መስጊድ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፏት አገኘሁት። ለጨዋ ሰርግና ቀብር ካልሆነ አትነፋም ስለው ጻፈ። ድሮ ባሪያ ይሸጥበት የነበረውን ግቢ አሳዩኝ አለኝ፤ የእኛውን ጓሮ አሳየሁት። ሰንሰለት የሚታሰርበት ቀለበት ላይ ልብስ አስጥቼ ሲያይ አፉን ያዘ። ምን ላድርግ፣ ልብሴ መድረቅ አለበት።

ስለጠየቅከኝ በር፦ አውቃለሁ። የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ባሕር ላይ ቀርተዋል፤ ከመስጊዱ አጥር ውስጥ ናቸው ወይስ ከወንዙ ማዶ ናቸው የሚያሰኝ መቃብር እንኳን የላቸውም። ግን የማላነበው ወረቀት ላይ አልፈርምም። መነጽር ላክልኝ፤ ክፈፉ ጥቁር ይሁን።

ሰላምታህን ሁለቴ አስነበብኩት። ድመት ሳይቀር ቆጥረሃል። የረሳኸው ሰው የለም? እስቲ ረጋ ብለህ አስብ።

አክስትህ ሲቲ


መስከት፣ ጁን 18 ቀን 1986

ለምወድዎት አክስቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የዓይንዎን ብርሃን ይመልስልዎ። ደብዳቤዎን ሳይ እንደ ሕፃን ነው የዘለልኩት። ስድብዎ እንኳን ናፍቆኝ ኖሯል!

መነጽሩን በጀልባ አዛዡ በናሆዳ ባኩ እጅ ልኬያለሁ። ክፈፉ ጥቁር ነው፣ ማኅደሩ ቆዳ ነው። ለሽሪፋም አንድ ሻርፕ አድርጌያለሁ። እርስዎ ካሉ ማን ይከራከራል፤ ሽማግሌዎቹን አንድ ዓርብ ሰብስበው ቃልዎን ቢሰጡ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

የረሳኸው ሰው አለ ላሉኝ፣ እውነትዎን ነው፤ አፍሬያለሁ። የእናቴን ወንድም ጁማን ረስቼ ነበር። ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሙሂዲን


ኪሳንጋ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1986

ለሙሂዲን

የላከው አልተሳሳተም፤ መነጽሩ ልክ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ። አሁን ሁሉንም በራሴ ዓይን አነባለሁ። የድሮ ወረቀቶችም ነበሩኝ፤ ከሣጥን አውጥቼ አነበብኳቸው። ዓይኔ ደክሞ መቆየቱ ደግ ነበር ለካ።

ጁማን ሰላም ብዬልሃለሁ። እሱም አልነበረም እኔ ያልኩህ።

መምህር ኪዮንዶ በየቀኑ ይመጣል። ወሬ ይወዳል፤ እኔም ሰው አጣሁ እንጂ ወሬ አላጣሁም። የምናገረውን በቴፕ ይቀዳል። የሰባተኛውን ቀን ነገር ስነግረው ቴፑን ወደ እኔ አስጠጋ። አባት ልጁን ከተቀበለ በምድር በኩል ባለው በቅርጹ በር ይገባል፣ መለከት ይነፋል፣ ጎረቤት ሩዝ ይበላል። ካልተቀበለው አዋላጇ በወንዙ በር ታስገባዋለች፣ እዚያ በኩል ዓሣና ማገዶ በሚገባበት። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሞቶ እንኳን መንገዱ አይቀየርም። በቅርጹ በር የገባ መስጊዱ አጥር ውስጥ ይቀበራል። በወንዙ በር የገባ በጀልባ ተሻግሮ ማዶ ይቀበራል፤ ስም አይጻፍለትም፣ ራስጌው ላይ የባሕር ቅርፊት ይደረግለታል።

መምህሩ ማዶ ተሻግሮ ቅርፊት ሲቆጥር ዋለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው አለኝ። ከእነዚያ አንዷን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት አልኩት። የማን ናት ሲለኝ ሻይህን ጠጣ አልኩት።

አንተስ ማዶን ታስታውሳለህ? የምታስታውስ ከሆነ ሰባት ሜትር ነጭ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ ላክልኝ። ለማን ነው አትበለኝ። ቃሌን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

አክስትህ ሲቲ


መስከት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1986

ለአክስቴ ለሲቲ ኦማሪ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤና ይስጥዎ።

ጨርቁን ልኬያለሁ፤ ሰባት ሳይሆን አሥር ሜትር ነው፣ ከጥሩው። የጽጌረዳ ውሃውም ሁለት ጠርሙስ ነው። አሁንስ ምን ቀረኝ? አክስቴ፣ እኔ እዚህ በየሳምንቱ ሽማግሌው ደጅ እየቆምኩ ነው። ትናንት የቢሮው ጸሐፊ ሰው ፊት «የወረቀት ልጅ መጣ» አለኝ፤ ሳቁብኝ። ሚስቴ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ትጠይቀኛለች፤ ሥራ ነው እላታለሁ። አባቷ የባሪያ ዘር ደጃፌን አይረግጥም የሚሉ ሰው ናቸው። የልጆቼ ፎቶ በዚህ ውስጥ አለ። ትንሹን ይዩት፣ ቁርጥ አባቴን ነው።

ማዶ ምን ማለትዎ እንደሆነ ገብቶኛል። ልጅዎ ዙሌኻ እኔ በወጣሁ ዓመት በትኩሳት እንደሞተች ሰምቻለሁ፤ አላህ ይዘንላት። የአክስቴ ልጅ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው፣ እኔም አዝኛለሁ። ያለፈውን ግን ባናነሳው ምናለ? ለማን ይጠቅማል?

ልጅዎ ሙሂዲን


ኪሳንጋ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1987

ሙሂዲን

ያለፈ አልክ። እንግዲያው ያለፈውን ልንገርህ፣ አንተ ብትረሳው።

ዙሌኻን አገባታለሁ ብለህ የእጮኝነቱን ሩዝ በልተህ፣ ስሄድ አስመጣታለሁ ብለህ በናሆዳ ባኩ ጀልባ ሄድክ። በሦስተኛው ወር ሆዷ ታየ። በሰባተኛው ወር የመስጊዱ ሽማግሌዎች ወዳንተ ቴሌግራም ላኩ፤ «ያንተ ነው ወይ?» ብለው። ከሣጥን አውጥቼ ያነበብኳት ወረቀት መልስህ ናት። አንዲት ቃል ነች፤ «አላውቅም።» ያኔ ያነበበልኝ ሰው አዝኖልኝ ኖሯል፣ «መልሱ ገና አልመጣም» ብሎ አሳልፎኛል። አሥራ አንድ ዓመት መልሱ ባሕር ላይ ቀረ እያልኩ ስኖር አንተው በላክህልኝ መነጽር አነበብኩት።

ትኩሳት አይደለም። ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት አማጠች፤ እሷም ሕፃኑም ሄዱ። አባቱ የእኔ ነው ያላለውን ልጅ በሆዷ የያዘች ሴት ከአጥሩ ውስጥ አትገባም አሉ። ለመንኳቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሸኽ ሙሳ ጉልበት ላይ ወድቄ ለመንኩ። «አባቱ አንድ ቃል ይበልና በሩን እንከፍታለን፣ ከሞተችም በኋላ ቢሆን» አሉኝ። ምባራካ በጀልባ አሻገረልኝ። ቅርፊቷን እኔ አስቀመጥኩ። የሸኽ ነሶር የልጅ ልጅ ልጅ ከአራት መቶ ስም አልባ ሰው ጋር ተኛች።

ነጩ ጨርቅ የእሷ ነው። አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ከአጥሩ ውስጥ ላስገባት ነው። ስለዚህ አሁን ስማኝ። በገዛ እጅህ «የዙሌኻ ልጅ የእኔ ነበር» ብለህ ጻፍ፣ ስምህን አስቀምጥ፣ እዚያ ያለ ቃዲ ማኅተም ያድርግበት። የደረሰኝ ዕለት የአባቴን ወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ በናሆዳ ባኩ እጅ በዚያው ቀን ይሄድልሃል። ቃል ለቃል። እኔ አንዲት ወረቀት፣ አንተ አንዲት ወረቀት።

ሲቲ


መስከት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1987

አክስቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ አሳዝኖኛል፤ ያዘንኩት ግን ለእርስዎ ነው። ዕድሜና ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል።

እዚህ ቃዲ ፊት ቆሜ እንዲህ ያለ ወረቀት ባስጽፍ ሽማግሌው ጆሮ ሳይደርስ ያድራል? ሚስቴስ? አንዱን ቤቴን ለማዳን ሌላውን አፍርስ ነው የሚሉኝ። ደግሞስ እኔ ምን አውቃለሁ? ያኔ ወደቡ ክፍት ነበር፤ በየሳምንቱ ሠላሳ አርባ መርከበኛ ይወርድ ነበር። ቤታችሁ ወንዙ ዳር ነው። ሁሉም ነገር እኔ ላይ የሚለጠፈው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የእኔን ወረቀት ይላኩ። ኢንሻአላህ ስመጣ ቁጭ ብለን ሁሉንም እንነጋገራለን፣ ለመቃብሩም የሚያስፈልገውን አደርጋለሁ። አይሆንም ካሉ ግን የቤቱ ግማሽ የአባቴ መሆኑን እንዳይረሱ። ሆቴል ልሥራበት የሚል ሰው እዚሁ መስከት አለ። በእርጅናዎ ዕቃዎን ይዘው እንዲወጡ አልፈልግም።

የሚጻፈው ብዙ አይደለም፤ የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ።

ሙሂዲን አቱማኒ


ኪሳንጋ፣ ማርች 14 ቀን 1987

ለሙሂዲን

አላህ ትዕግሥት ይስጥህ፤ ትፈልገዋለህ።

ወረቀትህ ሄዳለች። ለአንተ አልላክኋትም። ናሆዳ ባኩ በእጁ ለጎሳው ሽማግሌ እንዲሰጥ አደራ ብዬዋለሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ይደርሳል። እንዴት እንደሆነ ግን መስማት አለብህ።

ትናንት ከዓርብ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ቤት ጠራኋቸው። ቅርጹን በር በዘይት አስወልውዬ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሸኽ ሙሳ መጡ፣ ቃዲው መጣ፣ ሁለት ምስክር መጣ፣ መምህር ኪዮንዶ ቴፑን ይዞ ጥግ ተቀመጠ። የኮኮናት ሩዝና ዓሣ አበላኋቸው። ሽሪፋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «እልልታ ይዘጋጅ ወይ?» ትለኛለች። ቆይ ይደርሳል አልኳት።

እጃቸውን ሲታጠቡ ተነሣሁና «አባቴ ኦማሪ ወደዚህ ቤት የገቡት በወንዙ በር ነው» አልኩ።

ሸኽ ሙሳ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ምን አልሽ?» አሉኝ። «አያቴ ሸኽ ነሶር አልተቀበሏቸውም። መለከት አልተነፋም። አዋላጇ ከማገዶ ጋር አስገባቻቸው» አልኩ። «ሲቲ፣ አብደሻል? አንቺስ እንግዲያ ማን ልትሆኚ ነው?» አሉኝ። «የባሪያ ልጅ ነኛ» አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፤ ሦስት ጊዜ አስማሉኝ፤ ቁርኣኑ ላይ እጄን አደረግኩ። በራሱ ላይ የሚዋሽ ሰው የለም ብለው አመኑኝ። ቃዲው ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ሲወጡ በቅርጹ በር ወጡ፤ እኔ በወንዙ በር ወጣሁ። ሽሪፋ ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘችኝና ሰላም ሳትለኝ ባልዲዋን ከባልዲዬ አስቀደመች። አርባ ዓመት አንድ ትሪ ላይ የበላን ሰዎች ነን። በበዓል ከሴቶቹ ፊት የምቀመጥበት ምንጣፍም ተነሥቷል።

ቤቱን እሸጣለሁ ብለህ ነበር። የባሪያ ዘር ከሸኽ ነሶር አይወርስም፤ ቃዲው እዚያው ወሰነ፣ ቤቱ ለመስጊዱ ሆነ፣ መስጊዱም ለሙዚየም ሰጠው። ለሆቴሉ ሰውዬህ ሰላም በልልኝ።

የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ ብለኸኝ የለ? እኔም እንዳንተ «አላውቅም» ብያለሁ።

ሲቲ


መስከት፣ ኦገስት 23 ቀን 1987

አክስቴ ሲቲ

ይህን የምጽፈው ከሰው ቤት ነው። ከሥራ አስወጥተውኛል፤ በሴፕቴምበር ከአገር እንድወጣ ቀን ተሰጥቶኛል። የሚስቴ ወንድሞች በጠራራ ፀሐይ መኪና ይዘው መጥተው እሷንና ልጆቹን ጫኑ። ሚስቴ አላለቀሰችም። ትንሹ ልጄ በመስኮት ሆኖ «አባዬ፣ አንተ ባሪያ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ አጎቱ አፉን በእጁ ያዘው። ይኸው ነው የመጨረሻ ቃሉ።

ምን አገኙ? እኔን ሊያቃጥሉ ራስዎን አቃጠሉ። የገዛ አባትዎን በሞቱበት ባሪያ አደረጓቸው! እርስዎም ያውቃሉ፣ በቅርጹ በር ነው የገቡት።

እሺ፣ ልንገርዎት። ልጁ የእኔ ነበር። ዙሌኻ ሦስት ደብዳቤ ጽፋልኛለች፤ ሦስቱንም አንብቤያለሁ። በመጨረሻዋ ላይ «ዝም ብለህ የእኔ ነው በላቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ነው ያለችኝ። ያኔ የሚስቴ አባት ሊድሩልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይኸው በእጄ ጽፌያለሁ፣ ማኅተምም አስደርጌበታለሁ፤ የሚፈራ ነገር አልቀረኝም። ወስደው ለሽማግሌዎቹ ያሳዩ። ዙሌኻን ከአጥሩ ያስገቧት። በአላህ ስም ግን ያንን ቃልዎን ይሰርዙልኝ። ልጆቼን ብቻ ይመልሱልኝ።

ሙሂዲን


ማዶ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1987

ለወንድሜ ልጅ ለሙሂዲን

ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህ ብትደርስም ቤቱን ለቅቄ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቆይታ ነው ያገኘኋት።

እውነት ለመናገር ደጋግሜ አነበብኳት። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ነጩን ጨርቅ በክንዴ ይዤ፣ የጽጌረዳ ውሃውን በብብቴ ሸጉጬ፣ በጀልባ ተሻግሬ መስጊድ ሄድኩ። ሸኽ ሙሳ ወረቀትህን አነበቡ፣ ማኅተሙን አዩ። «ቃሉስ ቃል ነው» አሉ። «ግን ይህ ሰው ማነው?» አሉኝ። የኦማሪ የልጅ ልጅ ነው አልኳቸው። «ኦማሪ በወንዙ በር ነው የገባው አላልሽንም? ባሪያ የባሪያን ልጅ የእኔ ነው ቢል ባይል አጥራችንን ምን ይመለከተዋል? ሁሉም ቦታቸው ማዶ ነው» አሉ።

ዋሽቼ ነበር አልኳቸው። አባቴ በቅርጹ በር ነው የገቡት፣ የመለከት ነፊው ልጅ ነግሮኛል፣ ሸኽ ነሶር ከደስታ ብዛት ጫማቸውን ሳያደርጉ ነው የወጡት አልኩ። ሳቁብኝ፣ ሙሂዲን። «ቁርኣን ይዘሽ ምለሻል፤ አሁን ጥቅም ሲኖርሽ ነው የተገለበጥሽው» አሉኝ። መምህር ኪዮንዶ ጋ ሄድኩ፤ ሰውዬው ደግ ነው፣ ደንግጦ አንገቱን ደፋ። መጽሐፉ ታትሟል። አሳየኝ፤ በላክህልኝ መነጽር አነበብኩት። «በዚህ ቤት የኖሩት የመጨረሻዋ የባሪያ ዘር ሲቲ ኦማሪ ናቸው» ይላል፣ ልብስ የማሰጣበት ቀለበት ፎቶ ሥር።

ስለዚህ ልጆችህን አልመልስልህም፤ አልችልም። ብችልም ኖሮ አደርገው እንደሆነ አላውቅም። የእኔን ልጅ በአንድ ቃል የቀበርካት አንተ ነህ። እኔ ደግሞ በሩን የሚከፍትላትን ቃል በገዛ አፌ ዘጋሁት። አንተን ልውጋ ብዬ ጦሩ በእሷ በኩል አለፈ። ይኸው ነው፤ አሁን ጨርሻለሁ።

የምኖረው ማዶ ነው፤ የዓሣ አድራቂዎቹ ጎጆ አጠገብ። የቀን ሥራዬ ቅርፊቶቹን ከአሸዋ ማውጣት ነው፣ ወንዙ ሲሞላ ይወስዳቸዋል። ነጩን ጨርቅ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ አሥር ሜትር ነው ብለኸኛል፣ ለእኔ ሰባት ይበቃኛል። ሦስቱ ለአንተ ያጥርሃል፣ ሌላ ይዘህ ና። የእኔ ቦታ ከዙሌኻ ግራ ነው። ከቀኟ ቦታ የለም። እንድትርቅላት ብዬ ከእግሯ በታች፣ ውሃው የሚደርስበት ጋ ለይቼልሃለሁ።

ከአገር እንደሚያስወጡህ ጽፈሃል፤ ሌላ መሄጃ እንደሌለህም አውቃለሁ። ና። ቅርጹን በር አታንኳኳ፤ አሁን ሙዚየም ነው፣ ትኬት ይጠይቁሃል። በወንዙ ዳር ዙረህ ጀልባ አሻጋሪውን ጥራ። አዲስ ነው፣ አያውቅህም። ማን ልበል ካለህ፣ በወንዙ በር ከገቡት ነኝ በለው።

የማያሳ የልጅ ልጅ፣
ሲቲ